ሁለተኛው ሪሞት

ሾፌሩ የሚስቱን ወንድም መጠርጠር የጀመረው፣ ሰውየው የሽቦውን ሥራ ጨርሶ ከጠረጴዛው ሥር በወጣ በሁለት ሳምንቱ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ፍቅር አልነበረም፤ ጠብም አልነበረም። አንዱ ለሌላው መንገድ እየለቀቀ ይኖሩ ነበር።

ሾፌሩ ሠላሳ አንድ ዓመት እውነተኛ ባቡር ነድቷል። ጡረታ ሲወጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆንልህ አለውና፣ ልጁ አግብታ ስትወጣ ባዶ በቀረው ክፍል ውስጥ ትንንሽ ሐዲድ ዘረጋ። ጠረጴዛው ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላው። ሁለት ጣቢያ፣ ከጋዜጣና ከሙጫ የተሠራ ተራራ፣ በተራራው ሆድ የሚያልፍ ዋሻ፣ ከዋሻው ማዶ ደግሞ ሁለት መስመሮች ተገናኝተው አንድ የሚሆኑበት መጋጠሚያ ነበረው። አረንጓዴ የጭነት ባቡርና ቀይ የመንገደኛ ባቡር አሉት። ችግሩ ሁለቱም የሚታዘዙት በአንድ ማዞሪያ መሆኑ ነበር። ማዞሪያው ሲከፈት ሐዲዱ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይነሳል፤ ስለዚህ አንዷን ለማስኬድ ሌላዋን ከሐዲዱ ማንሳት ግድ ነው። “ይሄ ባቡር አይደለም፣ ዥዋዥዌ ነው” እያለ ያማርር ነበር።

ምሬቱን የሰማው የሚስቱ ወንድም ነው። ይህ ሰው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። በሚኖርበት ከተማ ሱቁ ያለበት ሕንፃ ሲፈርስበት የብየዳ ካውያውንና የኮረንቲ መለኪያ ቴስተሩን በሻንጣ ይዞ፣ “ለሁለት ሳምንት” ብሎ እህቱ ቤት መጣ፤ ሁለት ሳምንቱ አራት ወር ሆነ። ሃምሳን ያለፈ፣ ቁጥብ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ወንደላጤ ነው። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ዳር ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ ይህ ነገር እኮ በሪሞት ሊሆን ይችላል አለ።

“እንዴት አድርጎ?” አለ ሾፌሩ።

“ሐዲዱ ሁልጊዜ ኮረንቲ ይኖረዋል፣ ጋሼ። እያንዳንዷ ሎኮሞቲቭ ሆዷ ውስጥ የራሷ ቁጥር ያላት ቺፕ ትይዛለች። እርስዎ በሪሞቱ ቁጥሯን ሲጠሩ ትእዛዙ በዚያው በሐዲዱ ይሄዳል፤ የተጠራችው ብቻ ትሰማለች። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ አንዷን በዝግታ አንዷን በፍጥነት መንዳት ይችላሉ።”

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጠጋኙ ከጠረጴዛው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ በጀርባው ተኛ። ቀይና ጥቁር ወፍራም ሽቦ እንደ ዛፍ ግንድ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋ፤ ከግንዱ ላይ በየክንዱ ርቀት ቀጭን ሽቦ እያወጣ፣ ጣውላውን በስቶ፣ ከሐዲዱ ጎን በየደው። ቀዩ ከውጪኛው ሐዲድ፣ ጥቁሩ ከውስጠኛው፤ አንዱ ከተሳሳተ ሾርት ነው፣ ሁሉም ይቆማል። ሾፌሩ ከላይ ሆኖ ካቻቢቴና የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ እያቀበለ፣ “ቀዩን ነው የያዝከው? እርግጠኛ ነህ?” እያለ ሰላም ነሳው። ጠጋኙም በየጊዜው፣ “ቀዩን ነው፣ ጋሼ” ይላል። የጥፍር ያህል የሆነችውን ቺፕ በሎኮሞቲቯ ሆድ ሲከት ግን ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ለአረንጓዴዋ ሦስት፣ ለቀይዋ ሰባት ቁጥር ተሰጣቸው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታ ነበር። አረንጓዴዋ በተራራው ሥር እያዘገመች፣ ቀይዋ በውጪው መስመር እየበረረች፣ ሾፌሩ ሪሞቱን እንደ ንጉሥ በትር ይዞ ዋለ። በአራተኛው ቀን ግን መጋጠሚያው ላይ ቀይዋ የአረንጓዴዋን ጎን መታች፤ ሦስት ፉርጎዎች ተገለበጡ።

“ቀይዋን እኔ አላዘዝኳትም” አለ ሾፌሩ። “ዋሻው ማዶ ነበረች። ለሦስት ቁጥር የሰጠሁትን ትእዛዝ ነው የወሰደችው። ሽቦህ ተቀላቅሏል።”

ጠጋኙ ቴስተሩን ይዞ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ግማሽ ቀን ፈትሾ ምንም አላገኘም። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ተጋጩ። በዚህ ጊዜ ጠጋኙ ላቡን ጠርጎ፣ “ምናልባት ከእኔ ይሆናል፣ ጋሼ” አለና መጋጠሚያው አካባቢ ያለውን ብየዳ በሙሉ ፈትቶ እንደገና በየደው። ሾፌሩ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄዶ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ አማቼ የነካው ሬዲዮ ዜናውን ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚያነበው ብሎ ሰፈሩን አሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ግጭቱ ቆመ። የመጣው ነገር ግን ከግጭት የባሰ ሆነበት። ቀይዋ በገዛ ፈቃዷ መቆም ጀመረች። ሾፌሩ ምንም ሳይነካ፣ ከመጋጠሚያው ስንዝር ሲቀራት ቀጥ ትላለች። አረንጓዴዋ ስታልፍ ደግሞ ማንም ሳያዛት ትነሳለች። በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ሆነ። ሽቦ ሲበላሽ እንዲህ አያደርግም፤ የተበላሸ ነገር ጊዜ አይመርጥም። ይህ የሰው እጅ ያለበት ሥራ ነው፣ አለ በልቡ።

ሌላም ነገር ነበር። ሚስቱ የሙጫው ሽታ ራሴን ያዞረዋል ብላ ለመጥረግ ካልሆነ በስተቀር ወደዚያ ክፍል ዝር ብላ አታውቅም። አሁን ግን የሹራብ ሥራዋን በቅርጫት ይዛ እየመጣች፣ እሱ በሚቆምበት በስተቀኝ ዝቅ ባለች ወንበር ትቀመጣለች። ምን አዲስ ነገር ተገኘ ብሎ ሲጠይቃት፣ እዚህ ብርሃኑ ጥሩ ነው አለችው። መስኮቱ ያለው በግራ በኩል ነው። ሾፌሩ መስኮቱን አየ፣ እሷን አየ።

አንድ ጠዋት ደግሞ ወደ ወጥ ቤት ሲያልፍ ወንድምና እህት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ጆሮው ቆመ።

“እስከ መቼ እንደብቀዋለን? ክፍሉ ውስጥ በገባን ቁጥር እየተሳቀቅኩ ነው” አለ ጠጋኙ።

“እሱን ለእኔ ተወው” አለች ሚስቱ። “ካወቀ ቅስሙ ይሰበራል፤ ሁለተኛ ያንን በር አይከፍትም።”

ሾፌሩ ሳል ሳል አለና ገባ። ወሬው ወዲያው ወደ ስኳር ማለቅ ዞረ። ሻዩን ጠጣ እንጂ አልጣፈጠውም። ነገሩን አንድ በአንድ ሲያያይዘው መልክ ያዘለት። ጠጋኙ ሱቅ የለውም። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ በሩም ወደ መንገድ ሊከፈት ይችላል። ሾፌሩ “ባቡሩ አልሠራ አለኝ” ብሎ ተስፋ ከቆረጠ፣ ወይም ደግሞ ያላዘዘውን አዘዝኩ፣ ያዘዘውን አላዘዝኩም ማለት ጀምሮ ሰው “አእምሮው ደከመ” ካለ፣ ጠረጴዛው ይወጣል፣ የሬዲዮ መጠገኛ ይገባል። ያ ሁሉ ሦስት ሳምንት በጀርባ መተኛት ለባቡር ፍቅር ነው? የጠረጠረ ቤቱን አጠረ አለና አጥሩን ማጠር ጀመረ።

በመጀመሪያ እንደ ድሮ ሥራው መዝገብ ከፈተ። ቀን፣ ሰዓት፣ የቆመችው ሎኮሞቲቭ፣ የቆመችበት ቦታ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው። በአምስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ቆመች፤ በስድስቱም ሚስቱ ነበረች፤ በአራቱ ጠጋኙም ነበረ። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ወፍራሙን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ዳሰሰ። ወደ ግድግዳው የሚሾልክ፣ ወደ ሌላ ክፍል የሚሄድ ቅጥያ ፈለገ። አንድም የለም። ብየዳው እንደ ዕንቁ ያብለጨልጫል። ይህም አናደደው፤ ሌባ ሥራውን ሲያሳምር ያስጠላል።

ሹራቡን የለካው በማግስቱ ነው። ሚስቱ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ እጁን ዘረጋበት፤ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ከሦስት ቀን በኋላ ለካ፤ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ስትሠራ የዋለችው ሹራብ አንድ መስመር እንኳ አልጨመረም። ታዲያ እጇ ምን ሲሠራ ይውላል? ከጎኑ ተቀምጣ ሳለ አንድም ቀን እጇን አይቶት እንደማያውቅ ያኔ ትዝ አለው። ይህንንም በጥርጣሬው ላይ ጨመረው እንጂ ለምን እንደሆነ ራሱን አልጠየቀም።

ሚስቱ ለቤት የሚያስፈልግ ልትገዛ ስትወጣ፣ ጠጋኙም ቅርጫት ሊሸከምላት አብሯት ሄደ። ሾፌሩ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀና የሹራብ ዕቃዋን ከፈተ። ከክር ድውሮቹ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የእሱን የመሰለ ሪሞት ተቀምጧል። ሲያበራው በትንሿ መስታወቱ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ መጣ። ሰባት። ቀይዋ።

አልጮኸም፤ የሚጮህበት ሰውም አልነበረም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሪሞቱን አገላብጦ አየው። ጠጋኙ ይህን ማድረጉ አልደነቀውም፤ ባዕድ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ትራስ የተጋራች ሴት ግን ይህን በጉያዋ ይዛ ከጎኑ መቀመጧ አንጀቱን አቃጠለው። ከዚያ ተነሥቶ የሪሞቱን ባትሪዎች አወጣ፤ ክብደቱ እንዳይቀል ካለቀበት የእጅ ባትሪ ያወጣቸውን ሙት ባትሪዎች ተካባቸው። በጨርቁ ጠቅልሎ፣ ክሮቹን እንደነበሩ ደርድሮ መለሰው። ነገ እጅ ከፍንጅ ይይዛታል።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ጠራቸው። ዛሬ ሙሉ ጉዞ ነው፣ ኑና እዩ አለ። ፊቱ ላይ ፈገግታ አስቀምጦ ነበር። ሚስቱ በስተቀኙ ተቀመጠች፤ ጠጋኙ በሩ ጋ ቆመ። ሾፌሩ አረንጓዴዋን በዝግታ አስነሳ፤ ቀይዋን በውጪው መስመር ለቀቃት። ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። በአራተኛው ዙር አረንጓዴዋን ወደ መጋጠሚያው አስጠጋት። በእሱ ስሌት ቀይዋ ገና ተራራው ጀርባ ናት። ሚስቱ ሪሞቱን ስትጫን አለመሥራቱን አይታ የምትደናገጥበትን ጊዜ ይጠብቃል።

ከጎኑ ቶሎ ቶሎ የሚነካ ነገር ድምፅ ሰማ፤ ጣት ቁልፍ ሲደበድብ።

“በቀኝህ ናት! አቁማት!” አለች ሚስቱ።

ቀይዋ አረንጓዴዋን በሙሉ ኃይሏ መታቻት። ከሐዲዱ ወጥታ፣ የጣቢያውን ጣራ ገፍታ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ መሬት ወደቀች። አንድ መንኮራኩሯ እየተንከባለለ ወንበር ሥር ገባ።

ሾፌሩ ግን ዞር ብሎ እንኳን አላያትም። ጎንበስ ብሎ ከሚስቱ ጭን ላይ ሹራቡን ገለጠና ሪሞቱን ብድግ አደረገው። “ይሄስ?” አለ። “ይሄ ደግሞ በስንት ቁጥር ነው የሚሠራው? ክፍሉን ከፈለጋችሁት በአፋችሁ መጠየቅ አቃታችሁ?”

ሚስቱ ሪሞቱን አላየችም። እሱን ነበር የምታየው።

“አላየሃትም፣ አይደል?” አለች ቀስ ብላ።

“ምኗን?”

“ቀይዋን። ከዋሻው ወጥታ በዚህ በጎንህ ስታልፍ። እጅህን ብትዘረጋ ትነካት ነበር።”

ሾፌሩ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ዋሻው የት እንዳለ ያውቃል፤ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ራሱ ነው የዘረጋው። ቀይዋ መጋጠሚያው ጋ ለመድረስ በቀኙ ማለፍ ነበረባት፤ ሌላ መንገድ የላትም። እሱ ግን አላያትም። በፍጥነት አልፋ አይደለም፤ ጭራሽ አልነበረችም።

“ዓይኔ ጋዜጣ ያነባል” አለ። “የቺፑን ቁጥር ያለ መነጽር ያነበብኩልህ እኔ ነኝ” ብሎ ወደ ጠጋኙ ዞረ።

“አንብበውልኛል፣ ጋሼ” አለ ጠጋኙ። “ፊት ለፊት ያለውን ከእኔ ይሻላሉ። እስቲ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ይዩና አይዙሩ።” ከኋላው ቆሞ ቀይ እጀታ ያላትን ካቻቢቴ ከቀኝ ጆሮው ጎን ቀስ እያለ ወደ ፊት ገፋት። “ሲያዩዋት ይንገሩኝ።”

ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ ጠበቀ። ሰከንድ ቆጣሪው ግማሽ ዙር ሄደ። ካቻቢቴዋ የታየችው ከአፍንጫው ፊት ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ነው። ከግራ ሲሞከር ሻል አለ እንጂ እሱም ያን ያህል አልነበረም። “ድገመው” አለ። ደገመው። “ድገመው” አለ። ሦስተኛውን ሳይጨርሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሚስቱ ያኔ ሁሉንም ነገረችው። በቀኝ ትከሻው የበሩን መቃን እየመታ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሻይ ከስኒው ጎን ይቀዳል። ሰው በስተቀኝ ሰላም ሲለው አልፎ ይሄዳል፤ ጎረቤት ኮራብን ይላል። አምና ዓይንህን ታየው ብላው ሁለት ቀን አኩርፏት ነበር። በዚያ ማዞሪያ አንዷን ባቡር ብቻ እየነዳ ሳለ የሚታወቅ ነገር አልነበረም፤ ዓይኑ እሷኑ ይከተላል። ሽቦው ተዘርግቶ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲሄዱ ነው ነገሩ የተገለጠው። ከሁለተኛው ግጭት በኋላ ወንድሟ እስከ ሌሊት ብየዳ ሲፈታ አይታ አላስችል አላትና፣ ጥፋቱ የሽቦው አይደለም ብላ የጠረጠረችውን ነገረችው። ሁለተኛውን ሪሞት ያን ጊዜ አስገዛችው።

“አንተስ?” አለ ሾፌሩ ጠጋኙን ሳያየው። “ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅብህ ዝም አልክ?”

“እኔ ላይ ቢሳቅ ምን ይቀርብኛል፣ ጋሼ” አለ ጠጋኙ፤ ጎንበስ ብሎም የጠፋችውን መንኮራኩር መፈለግ ያዘ።

በማግስቱ ሚስቱ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሟ ጭንቅላቱን እንደ ገበታ ጎድጓዳ በሆነ ነጭ መሣሪያ ውስጥ አስገብታ፣ ትንሽ መብራት ባዩ ቁጥር ቁልፉን ይጫኑ አለችው። ሾፌሩ ረጅም ጊዜ ምንም ሳያይ ሲቀር መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ጠረጠረና ነገራት። ሐኪሟ አልሳቀችም። ወረቀቱን አውጥታ ጥቁር የተቀባውን ክፍል አሳየችው፤ የቀኝ ዓይኑ መሃሉ ብቻ ነጭ ነው፤ የግራውም በአፍንጫው በኩል ጠቁሯል። ግላኮማ ይባላል አለችው። አያምም፣ አይጮህም፣ ከዳር ዳር እየበላ ይመጣል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በየቀኑ ሳያቋርጥ ጠብታ ካደረገ ማቆየት ይቻላል።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አላት።

ከስምንት፣ ምናልባትም ከአሥር ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል አለች። ሾፌሩ ጡረታ የወጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው።

ከዚያች ቀን በኋላ ጥርጣሬው ሌላ ሰው ላይ አልነበረም። በየዓመቱ ዓይኑን ይመረምሩት ነበር፤ ፊደል ከፊት አስቀምጠው። ሁሉንም ያነባል፣ ተፈርሞለት ይወጣል። የመጨረሻዎቹን ዓመታት እያንዳንዱን ጉዞ በሐሳቡ እየመለሰ ነዳው። አንዷ ላይ ሁልጊዜ ይቆማል። ጡረታ ሊወጣ ዓመት ሲቀረው፣ ዕቃ ማራገፊያ ግቢ ውስጥ በዝግታ ሲገቡ ረዳቱ ያለ ትእዛዝ ፍሬኑን ሳበው። ሾፌሩ እንዳየው ሐዲዱ ላይ ማንም አልነበረም። ሰው ነበር፣ በቀኝ በኩል ጋሪ የሚገፋ ነበር ብሎ ረዳቱ ማለ፤ ሾፌሩ አላመነውም። ከሥልጣኑ ያለፈ፣ አለቃ የማያከብር ብሎ ጽፎ ከሰሰው። ረዳቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ከሎኮሞቲቭ ወርዶ ወደ ጥገና ክፍል ተዛወረ።

በመጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄደ። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ባሉበት፣ ጥፋቱ የእኔ ዓይን እንጂ የአማቼ እጅ አልነበረም፣ እንዲያ የጠራ ብየዳ በዕድሜዬ አላየሁም አለ። ማንም አልሳቀም። ቤት ሲመለስ ለጠጋኙ ይህን አልነገረውም፤ ከአፉ አልወጣ አለው። ጠጋኙ ከሌላ ሰው ሰማና በዚያ ቀን ራቱን ሲበላ ዝም ብሎ ፈገግ እያለ አመሸ።

የረዳቱን ቤት ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ቀን ወሰደበት። ሚስቱ እሸኝሃለሁ ብትለው ብቻዬን ነው አለ፤ መንገድ ሲያቋርጥ እንደ ታዘዘው ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው እያዞረ ሄደ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሲያየው ግባ አላለውም። ሾፌሩ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሞ የመጣበትን ተናገረ። ወረቀቱንም አሳየው፤ ጥቁሩን።

ረዳቱ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው።

“ታውቅ ነበር ብዬ ነው የማስበው” አለ በመጨረሻ። “ዓይንህ እንደደከመ ታውቃለህ፣ ጡረታህ እስኪደርስ ትደብቃለህ፣ እኔ ስላየሁብህ ነው ያባረርከኝ ብዬ። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስጠረጥርህ ነው የኖርኩት።”

“አላውቅም ነበር።”

“አሁን ገባኝ።” ወረቀቱን መለሰለት። “ሰውየው ጋሪውን ጥሎ ዘለለ። እስካሁን ይታየኛል።” ከዚያ በሩን ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋው ወደ ውስጥ ገባ፤ ሾፌሩ ይግባ አይግባ ሳያውቅ ጥቂት ቆሞ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። የያኔው ክስ ስህተት እንደነበር፣ ረዳቱ የሰው ሕይወት እንዳተረፈ፣ ማስጠንቀቂያው ከፋይሉ እንዲወጣለት ጠየቀ፤ የሐኪሟን ወረቀት ቅጂ አባሪ አደረገ። መልስ ገና አልመጣም። ረዳቱ ግን የደብዳቤው ግልባጭ ሲደርሰው ስልክ ደወለና “ደርሶኛል” ብሎ ዘጋ። ሾፌሩ ለዚያች አንዲት ቃል ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

ቀይዋን ጠጋኙ ጠግኗታል። አሁን ሾፌሩ የጭነቱን ብቻ ይነዳል፤ የመንገደኛውን የምትነዳው ሚስቱ ናት፣ በግልጽ፣ ቆማ። ሥራውን ወዳዋለች፤ ችግሯ ፍጥነት ነው። ጣቢያ ስትደርስ ሁልጊዜ ሁለት ፉርጎ ያህል አልፋ ትቆምና ጣቢያው አጥሮ ነው የተሠራው ትላለች። ሾፌሩ ጣቢያውን በሜትር ለክቶ፣ ትክክል መሆኑን በጽሑፍ አሳይቷታል። እሷም ሜትሩን እንዳላመነችው ነግራዋለች።